ስለ ሴቶች ልጆች የሃይማኖትና የጠባይ ትምህርት፤ የእምኩሉዋ አስቴር ጋኖ

ክርስቲያን የሆነ አባት ሴት ልጁን ምን ሊያስተምራት ይገባዋል የሚለው ጥያቄ በዳኝነት ወንበር የተቀመጠውንም፣ በሱቁ ደጃፍ ሚዛን የያዘውንም እኩል ይነካል፤ ሁለቱም ሴት ልጅ አላቸውና። መልሱም ከጥንት ጀምሮ በአብዛኛው አንድ ዐይነት ሆኖ ኖሯል፤ ጸሎቷን ትወቅ፣ ዝምተኛ ትሁን፣ የእጅ ሥራ ትልመድ፣ ከዚያም ትዳር ትያዝ የሚል ነው። ከዚህ አልፎ መጽሐፍና ብዕር ሲነሣ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ይጠቀስና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ተረቱን የሚጠቅሰው ሰው ግን ባሏ የሞተባት ሴት ወንድሟ እጅ ይዞ ባሳያት ስፍራ ላይ፣ ባላነበበችው ወረቀት፣ አውራ ጣቷን አሳርፋ ቤቷን ስታጣ ያየ እንደ ሆነ ለጊዜው ዝም ይላል።

ይህንኑ ነገር ለመመርመር ከምፅዋ ወደ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ በሚገኘው በእምኩሉ የተደረገውን ማስታወስ ይጠቅማል። እምኩሉ ለወደቡ ሰዎች የታወቀ ስፍራ ነው፤ ደሴቲቱ የሚጠጣ ውሃ ስለ ሌላት በቀድሞ ዘመን ውሃዋ የሚመጣላት ከዚያ ጕድጓድ ነበር። በ1866 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ወደ ምፅዋ የመጡት የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮናውያን ቈየት ብለው በዚሁ ስፍራ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ማተሚያ ቤትም ጨመሩበት። ከተማሪዎቹም መካከል አባትና እናታቸው የት እንዳሉ የማያውቁ፣ ከባሪያ ነጋዴ እጅ የወጡ ልጆች ነበሩ። በዚያ ዘመን በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚጫነው ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ሰም ብቻ አልነበረምና።

አስቴር ጋኖ ከእነዚህ ልጆች አንዷ ነበረች። በ1872 ገደማ ከነጻ ቤተ ሰብ ተወለደች፤ ኋላ ግን የሊሙ ኢናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። ተሽጣም ወደ ዓረብ አገር ልትሻገር በጀልባ ተጭና ሳለ፣ በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ጀልባውን በባሕር ላይ ይዘው ነጻ አወጧት፤ በእምኩሉ ትምህርት ቤትም ተጠለለች። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ያህል ይሆናል። አስቴር የሚለው ስም በመጽሐፍ ቅዱስ ያለ እናትና አባት ያደገችው፣ ወደ ንጉሥ ቤት የተወሰደችው የዚያች ልጅ ስም መሆኑን አንባቢ ሳያስታውስ አይቀርም።

እንግዲህ እንደዚህ ላለች ልጅ የሚሰጠው የጠባይ ትምህርት ምን ዐይነት ሊሆን ይገባው ነበር? እንደ ዘመኑ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ሁሉ ፊደልና የቅዱስ መጽሐፍ ታሪክ፣ ዝማሬና የቤት ሞያ መኖሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከቤቷ ተነጥቃ ለተሸጠች ልጅ «ታዛዥ ሁኚ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» ብሎ መስበክ ምን ይጨምርላታል? ታዛዥነትንማ ባርነት ከበቂ በላይ አስተምሯት ነበር። ያላገኘችው ነገር ቢኖር አሳቧን የሚጠይቃትና ሥራ በዐደራ የሚሰጣት ሰው ነው።

ይህን ያገኘችው ከኦኔሲሞስ ነሲብ ዘንድ ነው። ኦኔሲሞስም ራሳቸው በልጅነታቸው ከኢሉባቦር ምድር ተሰርቀው የተሸጡ፣ በ1870 በምፅዋ ቨርነር ሙንዚንገር ነጻ ያወጧቸው ሰው ነበሩ፤ ስማቸውም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈለት የዚያ ባሪያ ስም ነው። አምስት ዓመት በስዊድን ከተማሩ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም ተነሡ። ይሁን እንጂ ከአገራቸው ከወጡ ብዙ ዘመን ሆኖ ነበር። በትርጕም ሥራ ላይ የዋለ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያውቃል። የመንግሥትና የሕግ ቃል ከሽማግሌ ይገኛል፤ የምጥና የልቅሶ፣ የምድጃና የወፍጮ፣ እናት ልጇን የምታባብልበት ቃል ግን በሴቶች አንደበት ነው ያለው። ወንጌል ደግሞ በእንዲህ ያለ ቃል የተሞላ ነው።

ኦኔሲሞስ ልጅቱ ብሩህ አእምሮና የቋንቋ ስሜት ያላት መሆኗን ፈጥነው አስተዋሉ፤ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላትም እንድታዘጋጅ አደረጉ። ይህ ለአንዲት ወጣት ቀላል ሥራ አልነበረም። ቃሉን ከነፍቺው መመዝገብ፣ ከጎረቤቱ ቃል መለየት፣ ሌላው ሰው ሲሳሳት «እንዲህ አይባልም» ለማለት መድፈር ያስፈልጋል። መዝገቡም በ1893 በእምኩሉ የታተመውን አዲስ ኪዳን ለማረም አገለገለ። አስቴር የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን መጽሐፍ ተረጐመች፤ ከዚያም በላይ አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ እንቈቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን በጽሑፍ አሰፈረች። ብዙዎቹ በ1894 በዚያው ማተሚያ ቤት፣ በግዕዝ ፊደል፣ ለጀማሪዎች በተዘጋጀው የንባብ መጽሐፍ ገቡ። ዘፈንና ተረት ለክርስቲያን ሴት ልጅ አይገባም የሚል መካሪ በየዘመኑ አይጠፋም፤ በእምኩሉ ግን ልጆች ማንበብን የተማሩት እናቶቻቸው በዘፈኑትና ባወሩት ነገር ጭምር ነው። በእውነትም ከዚያ ትምህርት ቤት ከወጡት አሳቦች ሁሉ ምናልባት የሚበልጠው ይህ ነው።

የመላው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም በ1897 ተፈጸመ፤ በ1899ም በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪስኮና ታተመ። በርእሱ ገጽ ላይ የተጻፈው የኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው። የኦኔሲሞስ ድካም ታላቅ እንደ ሆነ ማንም አይክድም፤ ነገር ግን በሥራው የተካፈለችው ሴት ስሟ መቅረቱ ፍትሕ የጐደለው ነገር ነው። አንድ ነጋዴ የሽርካውን ድርሻ ከመዝገቡ ቢያስቀር ሰው ምን እንደሚለው የታወቀ ነው።

ከአንባቢዎች መካከል የሚሲዮኑን ሃይማኖት የማይቀበል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተወሰነ አይደለም፤ የመኳንንት ሴቶች ልጆች በቤታቸው ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ እንደ ነበር አገር ያውቀዋል። ልዩነቱ በእምኩሉ የተማረችው የመኳንንት ልጅ አለመሆኗ፣ ያነበበችውንም በቃል ከመድገም አልፋ ሌላው የሚያነበውን ማዘጋጀቷ ነው።

በ1904 ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ሌሎችም ጓደኞቻቸው ከኤርትራ ተነሥተው ወደ ወለጋ ሄዱ። በነቀምቴም ትምህርት ቤት ተከፈተ። ጥቂት ቈይቶ ኦኔሲሞስ በቤተ ክህነት ተከሰው ከመስበክ ተከለከሉ፤ ፊደል ማስቈጠሩ ግን አልቆመም። መምህርት አስቴርም በባርነት በተወሰዱበት አገር አቅጣጫ ተመልሰው የሌሎችን ልጆች አስተማሩ። ኦኔሲሞስ በ1931 ዐረፉ፤ መምህርት አስቴር ግን እስከ 1964 ኖሩ። ከሰበሰቧቸው እንቈቅልሾችና ዘፈኖች ብዙዎቹ ሳይታተሙ በእጅ ጽሑፍ ቀርተዋል።