ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን ልጅ ስናበላ

ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ባለ አንጎል በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጨቅላነት ከሚደርስ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። እርግማን አይደለም፤ ከልጅ ወደ ልጅም አይተላለፍም። እኔን በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የምሳ ሰዓቱ ነው።

ብዙ እናቶች ልጁን ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሰው አጥሚት ያጠጡታል። ቶሎ ይወርዳል፤ የሚወርደው ግን ወደ ሳንባም ሊሆን ይችላል። እየተመላለሰ ለሚያስቸግር የሳንባ ምች አንዱ መነሻ ይኸው ነው።

ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። ጭንቅላቱ መሃል ላይ ይሁን፣ አገጩ በትንሹ ወደ ደረቱ ዘንበል ይበል፣ እግሩም መርገጫ ያግኝ። ልዩ ወንበር ከሌለ የግድግዳ ጥግና ትራስ ይረዳሉ። እናንተ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ከእነዚህ ልጆች ለብዙዎቹ ቀጭን ፈሳሽ ከለስላሳ ገንፎ ይልቅ ይከብዳቸዋል። በትንሽ ማንኪያ ስጡት፤ ሳይውጥ ሌላ አትጨምሩ። ጊዜ ይፈጃል፣ አውቃለሁ፤ እናት ብቻዋን የምትችለው ሥራም አይደለም፣ አባቶችም ማንኪያውን ያዙ። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አታስተኙት።

ሲበላ የሚያስለው፣ ትን የሚለው ወይም ክብደት የማይጨምር ከሆነ «ልማዱ ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።