ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ማቃለያው መንገድ

ደሴት ማለት ዙሪያውን ውኃ የከበበው ምድር ነው። በደሴት የሚኖር ሰው መጽሐፍም ሆነ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ በመርከብ ካልመጣለት አያገኝም፤ ስለዚህ እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ የመርከቡን ኪራይ ይከፍላል። ነገር ግን እንደ ደሴት የሚኖረው በባሕር መካከል ያለ አገር ብቻ አይደለም። ከባሕር በር የራቀ፣ ወንዝና ተራራ ያጠረው ደጋም በንግድ ረገድ እንደ ደሴት ይቈጠራል። የባሌ ደጋ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። አጋርፋን በሰሜን በኩል ዋቢ ሸበሌ ከአርሲ ይለያታል፤ በደቡብም ከጎባ በላይ የሳነቴ አምባ ይነሣል፤ በእርሱም ላይ ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። ከጂቡቲ ወደብ የተጫነ ዕቃ ወደዚህ አገር እስኪደርስ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል።

ዕቃ መንገድ በሄደ መጠን ዋጋው እንደሚጨምር የጥንት ሰዎችም ያውቁት ነበር። ከ1520 እስከ 1526 በአውሮጳ አቈጣጠር በኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ እንደ ገንዘብ ይሠራበት የነበረው ጨው ከሚወጣበት ስፍራ እየራቀ በሄደ ቍጥር ዋጋው እየጨመረ መሄዱን ጽፎ ነበር። ጨው ያው ጨው ነው፤ የጨመረው የመንገዱ ድካም ነው።

እንግዲህ የአንድ ዕቃ ዋጋ ከምን ከምን እንደሚሠራ መለየት ይገባል። መጀመሪያ ዕቃው የተገዛበት ዋጋ አለ፤ ቀጥሎ ኪራዩና ነዳጁ፣ ከዚያም በመንገድ የሚበላሸው፣ በመጨረሻም የነጋዴው ትርፍ አለ። ሻጩ አንድ ብቻ በሆነበት ገበያ ይህ ትርፍ ከልክ ያልፋል። ከውጭ አገር በሚመጣ ዕቃ ላይ ደግሞ የምንዛሪው ነገር ይጨመራል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ ብር ረክሶ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ተወዷል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የስንዴ ዋጋ ሲወጣ በወር ደመወዝ የሚኖረው መምህር ይጨነቃል፤ ስንዴውን የሸጠው ገበሬ ግን ይጠቀማል። ስለዚህ የገበሬውን እህል በማርከስ ኑሮን ማቃለል ከአንዱ ልጅ ጕርሻ ነጥቆ ሌላውን እንደ ማጕረስ ነው። እውነተኛው መድኃኒት በገበሬውና በበላተኛው መካከል ያለውን ከንቱ ወጪ መቀነስ ነው።

ዋጋን በትእዛዝ ማውረድም ብቻውን አይበቃም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በሥጋና በሌሎችም ዕቃዎች ላይ የዋጋ ወሰን አድርጎ ነበር። ከዚህም የተነሣ ብዙው ዕቃ ከገበያ ስለ ጠፋ ከጥቂት ወራት በኋላ ወሰኑ ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። ትእዛዙ ዋጋውን እንጂ ዋጋውን ያወጣውን ምክንያት አልነካም ነበርና። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች ግን ከ2008 በአውሮጳ አቈጣጠር ጀምሮ ሌላ ዘዴ ተሠርቷል። ይኸውም የመርከቡ ክፍያ ያንኑ ርቀት በመኪና ለመሄድ ከሚፈጀው ወጪ ጋር እንዲመዛዘን ተደርጎ ጕድለቱን መንግሥት ይሸፍናል። በዚህ የተነካው ምክንያቱ፣ ማለት መንገዱ ነው።

ለአጋርፋና ለመሰሎቿ የሚስማሙት መንገዶች አራት ናቸው።

አንደኛው፣ መኪና ባዶውን እንዳይመላለስ ማድረግ ነው። አንድ መኪና 50 ኩንታል ስንዴ ሊጭን ባዶውን ቢመጣ፣ ያ 50 ኩንታል የመምጫውንም የመሄጃውንም ነዳጅ ይሸከማል። ሲመጣ 50 ኩንታል ማዳበሪያ ወይም የሱቅ ዕቃ ቢጭን ግን እያንዳንዱ ጭነት የየራሱን መንገድ ብቻ ይከፍላል።

ሁለተኛው፣ በማኅበር መግዛትና መሸጥ ነው። በ1844 በአውሮጳ አቈጣጠር በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር የሚሸጥ ሱቅ ከፈቱ፤ ትርፉንም እያንዳንዱ በገዛው መጠን ተካፈሉት። በኢትዮጵያም የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቍጥር 147/1991፣ በኋላም በአዋጅ ቍጥር 985/2009 ተደንግገዋል። ነገር ግን ሒሳቡ በአባላት ፊት የማይነበብ ማኅበር ከአንድ ስግብግብ ነጋዴ አይሻልም።

ሦስተኛው፣ እህልን በደኅና ማስቀመጥ ነው። በባሌ ደጋ የገናና የቦና ሁለት መኸር አለ። ይሁን እንጂ ዕዳ የያዘው ገበሬ እህሉን ሁሉ ከአውድማ ሸጦ በክረምት መልሶ በውድ ይገዛል። በደንብ የደረቀ እህል በውስጡ ሁለት የላስቲክ ሽፋን ባለው ከረጢት ታስሮ ቢቀመጥ፣ ነቀዝ አየር አጥቶ ያለ መድኃኒት ይሞታል። በዚህም ገበሬው የሚሸጥበትን ጊዜ ይመርጣል፤ ገበያውም በአንድ ወር ሞልቶ በሌላው አይደርቅም።

አራተኛው፣ በአገር ሊሠራ የሚችለውን በአገር መሥራት ነው። ስንዴ ርቆ ሄዶ ዱቄት ሆኖ ቢመለስ ሁለት ኪራይ ይከፈልበታል። ተልባና ጎመን ዘር ከሚበቅልበት አገርም ዘይት ሊጨመቅ ይችላል። በሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በአጋርፋም የግብርና ኮሌጅ መኖሩ ለዚህ ሥራ ዕውቀት ቅርብ መሆኑን ያሳያል።

ከእነዚህ ሥራዎች መንገድ መሥራት የመንግሥት ነው፤ የቀረው ግን ከትምህርት ቤትና ከሽማግሌዎች ሸንጎ ሊጀመር ይችላል። መምህሩ የሮቤንና የአጋርፋን የገበያ ዋጋ በየሳምንቱ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ቢጽፍ፣ ተማሪዎቹ ሒሳብ ይማሩበታል፤ ወላጆቻቸውም ሳይታለሉ ይሸጡበታል። ሽማግሌዎችም የማኅበሩ ሒሳብ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ ቢያስገድዱ፣ የተዋጣው ገንዘብ ይጠበቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ድሩ የሚያብረው እያንዳንዱ ክር ሳይበጠስ ሲቈይ መሆኑን ማሰብ ይገባል።