«አልኮል» የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም

በደብረ ታቦርም ሆነ በጣራ ገዳም አቅራቢያ በምትገኘው አዲስ ዘመን ከተማ ፂሙን የተላጨ ደንበኛ ከወንበሩ ከመነሣቱ በፊት ጸጉር አስተካካዩን «አልኮል አድርግልኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። በዚህ አንድ ቃል ግን በይዘትም በአገልግሎትም የሚለያዩ ነገሮች ይጠራሉ።

የመጀመሪያው በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው አልኮል ነው። ተሕዋስያንን ለመግደል 96 በመቶ ከሆነው ይልቅ 70 በመቶው ይመረጣል። በውስጡ ያለው ውኃ አልኮሉ ቶሎ እንዳይተንና ወደ ተሕዋስያኑ እንዲዘልቅ ይረዳዋል። ይህ ምርት ለማጽጃ እንጂ ለፊት ማስዋቢያ የተዘጋጀ አይደለም፤ አዘውትሮ ሲቀቡት ቆዳን ያደርቃል።

ሁለተኛው «አፍተር ሼቭ» ነው። ቃሉ እንግሊዝኛ ሲኾን «ከመላጨት በኋላ» ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ከአልኮል፣ ከውኃና ከመዓዛ ይዘጋጃል፤ ቆዳን የሚያለሰልስ ግሊሰሪን የሚጨመርበትም አለ።

ሦስተኛው ኮሎኝ ነው። ስሙን ያገኘው ከጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በከተማዋ ይኖር የነበረ ፋሪና የተባለ ጣሊያናዊ ቀማሚ መዓዛማ ውኃውን በከተማዋ ስም ሰየመው። ኮሎኝ የሽቶ ወገን ነው፤ ተግባሩ ማሽተት እንጂ ቁስል ማከም አይደለም።

አራተኛው ሎሽን ወይም ክሬም ነው። አልኮል የሌለበት ወይም ጥቂት ብቻ ያለበት በመኾኑ አያቃጥልም፤ የቆዳን እርጥበትም ይጠብቃል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ደጋ ናት። በብርድና በነፋስ ፊቱ ለሚሰነጠቅ ሰው ከአልኮል ይልቅ ይህ ይስማማዋል።

በርካታ ሰዎች «ካቃጠለ አጽድቷል» ብለው ያምናሉ። ማቃጠሉ ግን አልኮሉ ምላጩ የጫረውን ቆዳ መንካቱን ብቻ ያሳያል።

ዋናው ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው የተላጨበት ምላጭ የሄፒታይተስ ቢ እና ሲ እንዲሁም የኤች አይ ቪ ቫይረሶችን ሊያስተላልፍ ይችላል። የሄፒታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት የመቆየት አቅም አለው። ቫይረሱ በተጫረ ቆዳ በኩል ከገባ በኋላ አፍተር ሼቭም ኾነ ኮሎኝ ፊት ላይ መርጨት አያስወጣውም። ምላጩን በአልኮል ማበስም አዲስ አያደርገውም።

በቤት ውስጥ በአንድ ምላጭ እየተቀባበሉ የሚላጩ የቤተሰብ አባላትም ከዚህ አደጋ ውጭ አይደሉም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ምላጭ ያስፈልጋል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ለማጽጃ የሚሸጥ አልኮል ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል፤ ሜታኖል ከተጠጣ ዐይን ያሳውራል፤ ይገድላልም። በመኾኑም የመጠጥ ጠርሙስ ውስጥ መገልበጥ አይገባም። በቀላሉ በእሳት ስለሚያያዝ ከኩራዝና ከምድጃ መራቅ፣ ሕጻናት ከማይደርሱበትም መቀመጥ አለበት።

ስለዚህ ደንበኛው ከወንበሩ ሲነሣ ከሚጠይቀው ይልቅ ሲቀመጥ የሚጠይቀው ይበልጣል፤ ምላጩ አዲስ መኾኑን፣ ከመጠቅለያው ሲወጣም በዐይኑ ማየቱን ያረጋግጥ። ከዚያ በኋላ የሚቀባውን በስሙ ለይቶ ቢጠይቅ የሚፈልገውን ያገኛል።