ልጅ ማንን ይመስላል?

ዲጋ ውስጥ ጥጃ ሲወለድ ጎረቤት፣ «የማን ኮርማ ነው ያጠቃት?» ብሎ ይጠይቃል። ልጅ ሲወለድ ደግሞ፣ «ማንን መሰለ?» ይባላል። ጥያቄው የደስታ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ጣጣ ያመጣል። ልጁ አባቱን ካልመሰለ ክፉ ወሬ ይነሣል። በወሬ ትዳር ይፈርሳል። ጥፋት የሌለባት እናት ትወቀሳለች። ታዲያ ልጅ ከወላጆቹ መልክን እንዴት ይወርሳል?

ነገሩን በመጀመሪያ በሚገባ ያጠናው ሜንዴል የሚባል የአውሮፓ መነኩሴ ነው። ያጠናውም በአተር ነው። ረጅም አተርን ከአጭር አተር ጋር አዳቀለ። የተገኙት ሁሉም ረጅም ሆኑ። የእነዚህን ፍሬ መልሶ ሲዘራ ግን 787 ረጅም፣ 277 አጭር በቀሉ። ከአራት አንዱ ገደማ አጭር ሆነ ማለት ነው። አጭርነት አልጠፋም፤ ተደብቆ ነበር። ጽሑፉ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ታተመ።

ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያደርሰው ነገር ዘረ መል ይባላል። ልጅ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ይቀበላል። በሜንዴል አተር የረጅምነት ዘረ መል ገዢ ነው። የአጭርነት ዘረ መል ግን ይደበቃል።

ሁሉም ውርስ ግን እንደ ሜንዴል አተር አይሄድም። ሌሎች አራት መንገዶችን እንመልከት።

አንደኛው መንገድ፦ መካከለኛ መሆን። አንዳሉሺያ የሚባሉ የውጭ አገር ዶሮዎች አሉ። ጥቁር አውራ ዶሮ ከነጣ ያለች ዶሮ ጋር ሲዳቀል ጫጩቶቹ ግራጫ ይሆናሉ። አባትንም እናትንም አይመስሉም። ሁለት ግራጫዎች ሲዳቀሉ ደግሞ ጥቁር፣ ግራጫና ነጣ ያለ ይፈለፈላል። ጥቁሩ ጫጩት ከሌላ አውራ አልመጣም። የግራጫዎቹ ልጅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ የብዙዎች ሥራ። በቆሎ ማሳ ውስጥ ገብታችሁ ተመልከቱ። አገዳው ረጅምና አጭር ብቻ አይደለም። በመካከሉ ብዙ ዓይነት ቁመት አለ። ቁመትንና ምርትን የሚወስነው አንድ ዘረ መል ሳይሆን ብዙ ነው። አፈሩ፣ ዝናቡና ማዳበሪያውም ይጨመራሉ። የሰው ቁመትና የቆዳ ቀለምም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ከአንድ እናትና አባት ጠይምም ቀይም ልጅ ሊወለድ ይችላል።

ይህ ለገበሬ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል ይገኛል። ቢ.ኤች. 660 የተባለው ድቅል በቆሎ በ1993 እ.ኤ.አ. ከዚያ ወጣ። ድቅል ዘር የሚሠራው ከተመረጡ ወላጆች ነው። ከምርቱ ላይ ዘር ይዘው መልሰው ቢዘሩት ዘረ መሎቹ ይበታተናሉ። አገዳው አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ይሆናል፤ ምርቱም ይቀንሳል። ጥፋቱ የመሬቱ አይደለም። ስለዚህ የድቅል ዘር በየዓመቱ አዲስ ይገዛል። ከአገሩ በቆሎ ግን ዘር መያዝ ይቻላል። ሲይዙም ከማሳው መካከል፣ ጤናማ ከሆኑ ከብዙ አገዳዎች መርጦ ነው።

ሦስተኛው መንገድ፦ የእናት ብቻ። በሰውነታችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ የጉልበት ማመንጫዎች አሉ። እነዚህ የራሳቸው ጥቂት ዘረ መል አላቸው። ልጅ እነሱን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። ወንድም ሴትም ይወርሳሉ፤ ወደ ቀጣዩ ትውልድ የምታስተላልፈው ግን ሴት ናት። ዓይንን የሚያደክም አንድ ዓይነት በሽታ በዚህ መንገድ ይተላለፋል። ይህም ቢሆን የእናት ጥፋት አይደለም። እሷም ከእናቷ ነው ያገኘችው። መርጣ የሰጠችው ነገር የለም።

አራተኛው መንገድ፦ ሁለቱም መታየት። የሰው ደም ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ ተብሎ ይከፈላል። የሰው ደም በዓይነት እንደሚለያይ ላንድሽታይነር የተባለ ሐኪም በ1901 እ.ኤ.አ. ገለጸ። አባት ኤ፣ እናት ቢ ቢሆኑ ልጃቸው ኤቢ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሌላውን አይደብቅም፤ ሁለቱም ይታያሉ። ኦ ግን ይደበቃል። አባትም እናትም ኦን ደብቀው ከያዙ ልጃቸው ኦ ሊሆን ይችላል። ደሙ የአባቱን አይመስልም፤ የእናቱንም አይመስልም። ግን የሁለቱም ልጅ ነው።

እንግዲህ ወሬውን እዚህ ላይ እናቁም። ልጅ አያቱን ሊመስል ይችላል። መካከለኛ ሊሆን ይችላል። ማንንም ያልመሰለ መስሎ ሊታይም ይችላል። በመልክ ብቻ ተነሥቶ እናትን መወንጀል ዕውቀት የጎደለው ፍርድ ነው። ጫጩቱን ለምን ግራጫ ሆንክ ብሎ የሚከሰው የለም። ሰውንም እንዲሁ ሳያውቁ አይፈርዱበትም።

ጥያቄዎች
1. የድቅል በቆሎ ዘር በየዓመቱ አዲስ የሚገዛው ለምንድን ነው?
2. ከእናት ብቻ የሚወረሰው ምንድን ነው?
3. ጎረቤታችሁ «ልጁ አባቱን አልመሰለም» ቢል ምን ብላችሁ ታስረዱታላችሁ?