ተጨማሪ መረጃ፦ ከነመርከቡ የሰጠመ መርዝ
ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ድል አድራጊዎቹ ከጀርመን ከማረኩት የመርዝ ጋዝ ቦምብና የመድፍ ጥይት ከፊሉን በመርከቦች ጭነው፣ በኖርዌይና በዴንማርክ መካከል በሚገኘው የስካገራክ ባሕር ከነመርከቦቹ አሰጠሙት። ርካሽ መፍትሔ ነበር፤ ለአስጣሚዎቹ።

ጥልቀቱ በአንዳንድ ስፍራ ከ600 ሜትር ስለሚበልጥ ተመራማሪዎች ስብርባሪውን የሚፈልጉት በድምፅ ሞገድ ምስል በሚያነሱ ሰው አልባ ሰርጓጆች ነው፤ ከዚያም ካሜራ ያወርዳሉ፣ ከደለሉ ናሙና ወስደው ይመረምራሉ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የሰናፍጭ ጋዝ ነው (ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ ከአውሮፕላን ያዘነበችው ያው መርዝ)። ከ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ስለሚረጋ በቀዝቃዛው የባሕር ወለል ላይ ውጩ ቅርፊት ያበጃል፤ ውስጡ ግን ለአሥርተ ዓመታት መርዝነቱን አይለቅም። እንዲህ ያለው መሣሪያ በተጣለበት በባልቲክ ባሕርም፣ በቦርንሆልም ደሴት አቅራቢያ፣ የረጋው ጓል ከመረብ ጋር እየወጣ ዓሣ አጥማጆችን አቃጥሏል።