የልጆችን አልጋ ቀለም ስንቀባ



ልጆች አሥር ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸው እንዲለይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። አፈጻጸሙ ግን እንደ ቤቱ አቅም ነው። በማሻና በመካነ ሰላም ደጋ ብዙ ልጅ በመደብ ወይም በጠፍር አልጋ ከታላቁ ጋር ተጠጋግቶ ብርዱን እያሳለፈ አድጓል። የጣውላ አልጋ የሚያሠራ ሰው አናጢ ዘንድ ሄዶ ከባሕር ዛፍ፣ እጁ ከፈታ ደግሞ ከዋንዛ ያሠራል። ቀለሙን ራሱ አባወራው ሲቀባ ታዲያ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

እኔ ራሴ አጥፍቻለሁ። ለግቢ በር ከተገዛው ቢጫ የዘይት ቀለም በጣሳ የተረፈውን የልጄን አልጋ ቀባሁበት። ጥርስ በምታወጣበት ወቅት አንድ ቀን ራስጌውን ስትግጥ አገኘኋት፤ ቀለሙ በጥርሷ ልክ ተነቅሏል። ጣሳውን አገላብጬ ባየው ስለ እርሳስ አንድም ቃል አልተጻፈበትም።

እርሳስ ስል መጻፊያውን ሳይሆን ብረቱን ማለቴ ነው። የዘይት ቀለም ደምቆ እንዲታይና ቶሎ እንዲደርቅ ሲጨመርበት የኖረ ነው፤ በተለይ ቢጫና ቀይ ቀለም ያሠጋል። ሕፃን ወደ ሆዱ ከገባው እርሳስ አዋቂ ከሚወስደው አራት አምስት እጥፍ ወደ ሰውነቱ ያሳልፋል። ጉዳቱ አንጎል ላይ ነው፤ ትምህርት የመቀበል ችሎታን ይቀንሳል፣ የተጎዳውም አይመለስም። ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም የሚባል መጠን አልተገኘለትም። በአገራችን በ2010 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በአንድ ኪሎ ቀለም 90 ሚሊግራም ማለት ነው። ጓዳ ውስጥ የከረመ ጣሳ ግን ደንቡን አያውቅም።

ስለዚህ ለልጅ ዕቃ አዲስ ቀለም፣ እርሳስ የሌለበት መሆኑ የተጻፈበት፣ ይገዛ። አሮጌ ቀለም ያለበትን አልጋ በደረቁ አትፈግፍጉት፤ በእሳትም አታቃጥሉት። አቧራው ነው መርዙ። እንጨቱን አርጥባችሁ፣ ልጆቹን አርቃችሁ፣ ከቤት ውጭ በብርጭቆ ወረቀት አሹት፤ ፍቅፋቂውን ሰብስባችሁ አስወግዱ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃልና ሣንቃው በጥላ በደንብ ይድረቅ። ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኑ፤ ከዚያ ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ መቀባት አንድ ጊዜ ከማወፈር ይሻላል። በደጋ ብርድ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ሽታው ሳይጠፋ ልጅ አይተኛበት። ጥርስ የሚደርስበትን ጠርዝ ደግሞ አልስልሳችሁ ያለ ቀለም ብትተዉት ምንም አይጎድልበትም።

ስለ ጌጡ ብዙ አልልም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ሥዕል መተዳደሪያው ለነበረ ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል መክረውታል። ለእኛ ሰው ይህ አይከብደውም፤ የእናቶቻችን ሞሰብ ሙሉ ጌጥ ነው። ያንን መሥመር በካርቶን ቆርጦ፣ በስፖንጅ ቀለም እየነኩ ሣንቃው ላይ ማተም ይቻላል። ቀለሙን ልጁ ይምረጥ።

የልጄን ራስጌ አናጢው በአዲስ ሣንቃ ለወጠልኝ። አሮጌውን ጎረቤት ለማገዶ ጠይቃኝ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀለም የተቀባ እንጨት ጢሱም አመዱም እርሳስ እንዳለበት ነግሬያት፣ በምትኩ ሌላ ፍልጥ ሰጠኋት።