ከድንጋይ ወደ ወረቀት፦ የካሪቢያን ጥንታዊ የአይሁድ መቃብሮችና ጽሑፋቸውን ያተረፉ ሰዎች

ከቬኔዙዌላ ጠረፍ ፊት ለፊት፣ ካሪቢያን ባሕር ላይ ባለችው በኩራሳው ደሴት ብሌንሃይም የሚባል የአይሁድ መቃብር ቦታ አለ። መቀበሪያ የሆነው ከ1659 ገደማ ጀምሮ ነው (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። 2,500 ያህል የመቃብር ድንጋዮች መሬት ላይ ተጋድመው ይታያሉ፤ የስፔንና የፖርቱጋል አይሁድ ድንጋዩን አያቆሙትም፣ ያስተኙታል። ከመቃብሩ ቀና ሲሉ ግን ዓይን የሚያርፈው የነዳጅ ማጣሪያ ጭስ ማውጫና ግዙፍ ጋኖች ላይ ነው። ማጣሪያው በ1918 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል የተፋው ድኝ ያለበት ጭስ ከባሕሩ ጨዋማ ነፋስ ጋር ተዳምሮ ድንጋዮቹን በልቷቸዋል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፀሐይና ዝናብ ችለው የኖሩ ፊደሎች በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ዱቄት ሆነው ረግፈዋል።

የጠፋው ምን እንደሆነ ለመረዳት ድንጋዮቹ ገና ሲመጡ ምን ይመስሉ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ከመካከላቸው ያማሩት አምስተርዳም ታዘው፣ እዚያው ተቀርጸው፣ በመርከብ ውቅያኖስ የተሻገሩ ናቸው። መርዶክዮስ በተባለ ሰው ድንጋይ ላይ የመጽሐፍ ቅዱሱ መርዶክዮስ በንጉሥ ፈረስ ተቀምጦ ሐማ ሲመራው ይታያል። በሌላው ላይ ዳዊት በገና ይደረድራል። በብዙዎቹ ላይ ከደመና የወጣች እጅ በመጥረቢያ ዛፍ ስትቆርጥ ተቀርጻለች፤ በአጭር የተቀጨ ዕድሜ ምልክት ናት። ጽሑፉ አንዳንዱ በዕብራይስጥ፣ አብዛኛው በፖርቱጋልኛ፣ አንዳንዱም በሁለቱም ነው፤ በስፔንኛ፣ በደችኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈም ይገኛል። ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ላይ በምሕጻረ ቃል የተቀመጠ የፖርቱጋልኛ ጸሎት አለ፤ የሟቹ ነፍስ በዘላለም ክብር ደስ እንዲላት የሚለምን። ፖርቱጋል ያሳደደቻቸው ሰዎች በቋንቋዋ ሲጸልዩ መቶ ዓመትና ሁለት መቶ ዓመት መቆየታቸው ያስደንቀኛል።

እነዚህ ሰዎች እዚያ እንዴት ደረሱ? ስፔን አይሁዶቿን በ1492 አስወጣች። ፖርቱጋል ደግሞ በ1497 በግድ አጠመቀቻቸው። ከተጠመቁት መካከል ብዙዎች እምነታቸውን በጓዳ ይዘው ለትውልድ ቆዩ፤ ኢንኩዊዚሽን የሚባለው የሃይማኖት ችሎት ያገኘውን እያሰረ፣ እያሰቃየ፣ በእሳት እስከማቃጠል ደረሰ። አምልጠው አምስተርዳም የገቡት በግልጽ ወደ አባቶቻቸው እምነት ተመለሱ። ደች ሰሜን ምሥራቅ ብራዚልን በ1630 ሲይዙ አብረው ተሻገሩና ሬሲፌ ከተማ ላይ ጹር ኢስራኤል የተባለውን ምኩራብ አቋቋሙ፤ በአሜሪካ አህጉር የመጀመሪያው ምኩራብ ተብሎ የሚጠራው እሱ ነው። በ1654 ፖርቱጋሎች ከተማዋን መልሰው ሲይዙ አይሁዶቹ በሦስት ወር እንዲወጡ ታዘዙ። የሚበዙት ወደ አምስተርዳም ተመለሱ፤ ሌሎቹ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተበተኑ። 23ቱ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኒው አምስተርዳም፣ ማለትም የዛሬዋ ኒው ዮርክ ገቡ። የቅኝ ግዛቱ ገዥ ፒተር ስታይቨሰንት ሊያባርራቸው ቢሞክርም ቅኝ ግዛቱን የሚያስተዳድረው የደች ንግድ ኩባንያ አምስተርዳም ያሉት አለቆች በ1655 እንዲቆዩ ፈቀዱ፤ ድሆቻቸውን ራሳቸው ይርዱ የሚል ግዴታ አስገብተው።

ታሪካቸው በወረቀትም ተጽፎ ነበር። ነገር ግን ወረቀት በሐሩር አገር ዕድሜው አጭር ነው፤ ምስጡ፣ እርጥበቱ፣ ማዕበሉና እሳቱ ተራ በተራ ይደርሱበታል። የሬሲፌ ጉባኤ ከ1648 እስከ 1653 የያዘው ቃለ ጉባኤ ለዛሬ የበቃው አምስተርዳም ተጠብቆ በመቆየቱ ነው። ምኩራቡ የነበረበት ስፍራ ራሱ ተረስቶ ኖሮ፣ በ1999 እና በ2000 በተደረገ ቁፋሮ ወለሉ ሥር የመንጻት ገንዳው ሲገኝ ነው ቦታው የተረጋገጠው። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል።

የአንዲት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ዕጣም ብዙ ያስተምራል። ሉዊስ ደ ካርቫሃል የሚባል ወጣት በሜክሲኮ በስውር የአይሁድ እምነት ይከተል ነበር። ሕይወቱንና እምነቱን በእጅ መዳፍ ላይ በምትገባ ደብተር፣ በማይታመን ደቃቅ ጽሕፈት ጻፈ። በ1596 በኢንኩዊዚሽን ተፈርዶበት ተገደለ፤ ደብተሩ ግን በከሳሾቹ መዝገብ ውስጥ ተቀመጠ። እሱን ለማጥፋት የተነሳው ችሎት ቃሉን ሳይፈልግ አቆየለት። በ1932 ደብተሩ ከሜክሲኮ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተሰረቀና ከሰማንያ ዓመት በላይ ደብዛው ጠፋ። በ2016 ኒው ዮርክ ውስጥ ለጨረታ ቀርቦ ሳለ ሊዮናርድ ሚልበርግ የተባሉ የታሪክ ሰነድ ሰብሳቢ ማንነቱ እንዲጣራ አደረጉ፤ ኒው ዮርክ ላይ ለሕዝብ ከታየ በኋላ በ2017 ወደ ሜክሲኮ ተመለሰ። ከመመለሱ በፊት እያንዳንዱ ገጽ በዲጂታል ተቀድቷል። ከእንግዲህ ቢሰረቅ እንኳ ቃሉ አይጠፋም።

ድንጋይን በተመለከተ ይህን የቅጂ ነገር በሚገባ የተረዱት ይስሐቅ ኢማኑኤል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ራቢ ኢማኑኤል የተወለዱት ተሰሎንቄ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ይህች ከተማ ከ1492 በኋላ ከስፔን የተሰደዱ አይሁዶች ዋና መናኸሪያ ሆና ነበር፤ የመቃብር ቦታዋም በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሙታን ያረፉበት ነበር። ኢማኑኤል በወጣትነታቸው ከእነዚያ ድንጋዮች ላይ ጽሑፎችን እያነበቡ ገለበጡ። በታኅሣሥ 1942 ከተማዋ በናዚ እጅ ሳለች መቃብሩ ፈረሰ፤ ድንጋዮቹ ለግንባታ ተወሰዱ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ዩኒቨርሲቲ ቆሟል። ኢማኑኤል ከጥፋቱ ቀደም ብለው በደብተራቸው የጻፉት፣ ሌላ ምስክር ለሌላቸው ለብዙ መቃብሮች ብቸኛ ምስክር ሆነ።

ኢማኑኤል በ1936 የኩራሳው ጉባኤ ራቢ ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 1939 አገለገሉ። ጉባኤው ሚክቬ ኢስራኤል ይባላል፤ የተመሠረተው በ1651 ሲሆን በ1732 የተመረቀው ምኩራቡ እስካሁን ጸሎት ይደረግበታል፤ ወለሉ አሸዋ ነው። ኢማኑኤል እዚህም የብሌንሃይምን ድንጋዮች አንድ በአንድ ማንበብ ያዙ። ማጣሪያው በዚያን ጊዜ እየጨሰ ነበር፤ ፊደሎቹ ግን ገና ይነበባሉ። ሥራቸው በ1957 በመጽሐፍ ታተመ። ዛሬ ብሌንሃይም ሄዶ የቅድመ አያቱን ስም የሚፈልግ ሰው ባዶ የተቦረቦረ ድንጋይ ፊት ቆሞ የሚያነበው ያንን መጽሐፍ ነው። በምኩራቡ ግቢ ያለው ሙዚየም ደግሞ ያማሩትን ድንጋዮች ቅርጽ በልክ አስወጥቶ ለእይታ አቅርቧል።

ኢማኑኤል የቀዱት የራሳቸውን ወገን ጽሑፍ ነው። የባርቤዶሱ ዩስታስ ሺልስቶን ግን አይሁድ አልነበሩም፤ ጠበቃና የደሴቲቱ ሙዚየም መሥራች ነበሩ። ብሪጅታውን ላይ በ1654 የተጀመረው ንድሄ ኢስራኤል ምኩራብ በ1831 በአውሎ ነፋስ ወድቆ በ1833 እንደገና ተሠርቷል። አማኙ እየተመናመነ ሄዶ ሕንፃው በ1929 ተሸጠ። ሺልስቶን ጠባቂ ያጣውን የመቃብር ግቢ ጽሑፍ ገልብጠው በ1956 በመጽሐፍ አወጡት። ከዚያ በኋላ በ1980ዎቹ ምኩራቡን አፍርሶ ቦታውን ለሌላ ሕንፃ የማዋል ሐሳብ ሲመጣ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት የደሴቲቱ አይሁዶች ተነሥተው አሳደሱት። በ2008 ከመኪና ማቆሚያው ሥር የጥንቱ የመንጻት ገንዳ ተገኘ። ማንም ባልጠየቃቸው ጊዜ የጎረቤትን ሙታን ስም የቀዱት ሺልስቶን እኔ ዘንድ ትልቅ ክብር አላቸው።

ሥራው ራሱ ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ የመቃብሩ ቦታ በሙሉ ተለክቶ ካርታ ይነሣል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ይሰጠዋል። ድንጋዩ የሚጸዳው በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ነው። አሲድ፣ የብረት ብሩሽና ቆሻሻ ማስለቀቂያ ኬሚካል የቀረውን ፊደል ይዘው ይሄዳሉ። የተሸረሸረ ፊደል በቀጥታ ብርሃን አይታይም፤ ስለዚህ የፀሐይ ብርሃን በመስታወት ተይዞ ከጎን እንዲመታው ይደረጋል፤ በዚያን ጊዜ ጭረቱ ውስጥ ጥላ ገብቶ ፊደሉ ብቅ ይላል። አንባቢው መስመር በመስመር እንዳየው ይገለብጣል፣ የጠፋውን ፊደል ቦታ ክፍት ይተዋል፣ በግምት አይሞላም። ሁለት ዘመን አቆጣጠር ካለ፣ የዕብራይስጡና የአውሮፓው፣ እርስ በርስ ያመሳክራል። በመጨረሻ ፎቶ ይነሣል፤ ትርጉሙ ለብቻው ይጻፋል።

በደቡብ አሜሪካ፣ በሱሪናም ጫካ ውስጥ ይህን ሥራ በስፋት የሠሩት የታሪክ ምሁሯ አቪቫ ቤን-ኡር እና አርክቴክቷ ራሔል ፍራንክል ናቸው፤ ውጤቱ በ2009 እና በ2012 በሁለት መጽሐፍ ወጣ። ዮደንሳቫነ ከዋና ከተማዋ ከፓራማሪቦ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሱሪናም ወንዝ ዳር የነበረች የአይሁዶች መንደር ናት። በ1685 የተመረቀው የጡብ ምኩራቧ ቤራኻ ቬሻሎም ፍርስራሹ ዛሬም ይታያል። እርሻዎቹ ለምነት ሲያጡ ሰዉ ወደ ፓራማሪቦ ወረደ፤ በ1832 የተነሣው ቃጠሎ የቀረውን ጨረሰና ቦታውን ደን ዋጠው። በ2023 ዮደንሳቫነና በአቅራቢያዋ ያለው የካሲፖራ መቃብር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ።

እዚህ ላይ ግን ታሪኩን በእብነ በረድ ብቻ መናገር አይቻልም። የዮደንሳቫነ ሀብት የሸንኮራ አገዳ ነበር፤ አገዳውን የሚያለሙት ከአፍሪካ ተይዘው የመጡ ባሮች ነበሩ። ምኩራብ የሠራው ስደተኛ ሰውን እንደ ንብረት የያዘ ጌታም ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ ነበሩ። ከጌቶቹና ከአፍሪካውያን ሴቶች የተወለዱ፣ በአይሁድ እምነት ያደጉ ልጆችም ነበሩ። በምኩራቡ ከሌላው እኩል አልተቆጠሩም፤ ስለዚህ በ1759 ፓራማሪቦ ላይ ዳርኼ ኤሳሪም የተባለ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1790 መሪያቸው ሲሞት ረግረግ ቦታ ላይ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ተቀበረ። ማኅበርተኞቹ ለገዥው አቤቱታ አቀረቡ። ስለ እነሱ የምናውቀው ከዚህ ዓይነት አቤቱታና ክርክር ወረቀት ነው፤ አምስተርዳም የተቀረጸ ድንጋይ የላቸውም።

ዮደንሳቫነ ላይ ከምኩራቡ ፍርስራሽ ብዙም ሳይርቅ የአፍሪካውያን ዘሮች መቃብር አለ። ብዙዎቹ ምልክቶች እንጨት ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ጫፍ ልብ የሚመስል ቅርጽ አለ፤ ፍራንክል ይህን ከምዕራብ አፍሪካ የአካን ሕዝብ ምልክት ጋር ያገናኙታል። እንጨት በዚያ ጫካ ከድንጋይ ይልቅ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ቅድሚያ የሚያስፈልገው ለእብነ በረዱ ሳይሆን ለእንጨቱ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ለእብነ በረዱ ኢማኑኤልና ሺልስቶን አሉለት።

የእነዚህን አፍሪካውያንና የዘሮቻቸውን ስም ለማቆየት የሚያግዝ ትልቅ ሥራም ተሠርቷል። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ከ1830 ጀምሮ ባርነት እስከቀረበት እስከ 1863 በሱሪናም የነበሩትን ባሮች በመዝገብ ይጽፍ ነበር፤ የባለቤቱን ስም፣ የባሪያውን መጠሪያ፣ ጾታ፣ የልደት ጊዜና የእናቱን ስም። ብዙ በጎ ፈቃደኞች የመዝገቡን ገጾች ፎቶ እያዩ በኮምፒውተር ጻፉት። ከ2018 ጀምሮ በሱሪናምና በኔዘርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በኩል በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው፤ የአያት ቅድመ አያቱን ስም የሚፈልግ ሁሉ ያለ ክፍያ ገብቶ መፈለግ ይችላል።